የ16 ወር ልጅ ግርዛት፦ በቀለበት ወይስ በስፌት?

ጥያቄው፦ «ወንድ ልጄ 16 ወሩ ነው፤ 11 ኪሎ ይመዝናል። ሲወለድ ክብደቱ አነስተኛ ስለነበር ሳይገረዝ ቆየ። አሁን ልናስገርዘው አስበናል። አንዱ ሐኪም በአካባቢ ማደንዘዣ በፕላስቲክ ቀለበት በ15 ደቂቃ ያልቃል ይለናል። ሌላው ደግሞ ሙሉ ማደንዘዣ ወስዶ ተቆርጦ መሰፋት አለበት ይላል። የትኛውን እንስማ? ሸለፈቱ ወደ ኋላ አይመለስም፤ ሲሸናም ይነፋል። ይህስ በሽታ ነው? ምን ምንስ ሊበላሽ ይችላል?»

መልስ፦ ከመሣሪያው በፊት «ይህስ በሽታ ነው?» ያሉትን ጥያቄዎን ላንሳ፤ መቸኮል ያስፈልግ እንደሆነና እንዳልሆነ የሚነግረን እሱ ነውና።

በ16 ወር ዕድሜ ሸለፈት ወደ ኋላ አለመመለሱ በሽታ አይደለም። ወንድ ልጅ ሲወለድ የሸለፈቱ የውስጥ ገጽ ከብልቱ ራስ ጋር ተጣብቆ ነው። ይህ መጣበቅ ማንም ሳይነካው ቀስ በቀስ ይላቀቃል፤ በአብዛኞቹ ልጆች ላይ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት፣ በአንዳንዶቹ ደግሞ እስከ ጉርምስና ይቆያል። ሲሸና የሚነፋውም የተላቀቀው ክፍል ውስጥ ሽንት ለአፍታ ስለሚጠራቀም ነው። ልጁ ሳያምጥ፣ ሳያለቅስ፣ ሽንቱ ያለ ችግር የሚወርድለት ከሆነ መንፋቱ ብቻውን ምንም አያመለክትም። ከቆዳው ስር ነጭ ጠጠር የሚመስል ነገር ቢያዩም መግል አይደለም፤ የረገፈ የቆዳ ሴል ተጠራቅሞ ነው፣ በራሱ ይወጣል። አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ፦ ማንም ሰው፣ ሐኪምም ቢሆን፣ «እንዲላቀቅ» ብሎ በኃይል ወደ ኋላ አይግፋው። በኃይል የተገፋ ሸለፈት ይሰነጠቃል፣ ሲድን ጠባሳ ይሠራል፣ ያኔ ነው እውነተኛው ጥበት የሚመጣው። ወደ ኋላ ተገፍቶ ሳይመለስ ከቀረ ደግሞ የብልቱን አንገት አንቆ ያሳብጠዋል፤ ይህ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ድንገተኛ ችግር ነው።

በሽታ የሚባለው የሸለፈቱ ጫፍ ነጣ ብሎ፣ ደርቆና ጠንክሮ እንደ ጠባሳ ሲሆን ነው። መግልና ቅላት ያለበት ሕመም ሲደጋገም፣ ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሲመላለስም እንዲሁ ለግርዛት ሕክምናዊ ምክንያት አለ። ጠባሳ ሳይኖረው የጠበበ ሸለፈት ግን ብዙ ጊዜ ያለ ቢላዋ ይፈታል፤ 0.05 በመቶ ቤታሜታዞን ቅባት በቀን ሁለት ጊዜ በጠበበው ጫፍ ላይ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ሲቀባ አብዛኞቹ ላይ ይላላል።

እንግዲህ እርስዎ ከነገሩኝ ተነስቼ ስፈርድ፣ ልጅዎ አሁኑኑ ይገረዝ የሚያስብል የሕክምና ግፊት የለም። መገረዝ ጥቅም የለውም ማለቴ ግን አይደለም። በተለይ በመጀመሪያው ዓመት የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንን በግልጽ ይቀንሳል። በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ በአዋቂ ወንዶች ላይ የተደረጉ ሦስት ጥናቶችም ወንዱ ከሴት ኤች.አይ.ቪ. የመያዝ ዕድሉን በ60 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ስላሳዩ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ስርጭቱ ከፍተኛ ለሆነባቸው አገሮች ግርዛትን መክሯል። ውሳኔው የወላጅ ነው። እኔ የምለው ጊዜ አለዎት ነው፤ ጊዜ ያለው ሰው ደግሞ ሁኔታው እስኪሟላ መጠበቅ ይችላል።

አሁን ወደ ሥራው። ግርዛት ትንሽ ቀዶ ጥገና ነው፤ ትንሽ የሆነው ግን ከመቆረጡ በፊት ያለው ምርመራ በደንብ ከተሠራ ነው። ያየናቸው ከባድ ጉዳቶች አብዛኞቹ መጀመሪያውኑ መገረዝ ያልነበረበትን ብልት በመግረዝ ወይም ቆዳውን ሳይለኩ በመቁረጥ የመጡ ናቸው። ሐኪሙ ልጁን አስተኝቶ ዳይፐሩን ፈቶ ሊያያቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው የሽንት ቀዳዳው ቦታ ነው። ቀዳዳው ከጫፉ ወርዶ ከብልቱ በታችኛው ገጽ ላይ ከተከፈተ (ሃይፖስፓዲያስ ይባላል) ልጁ አይገረዝም። ሸለፈቱ በኋላ ቀዳዳውን ለማስተካከል የሚያገለግል ቆዳ ስለሆነ ተቆርጦ ከተጣለ የጥገና ሐኪሙ እጁ ባዶ ይቀራል። አብዛኛውን ጊዜ ምልክቱ ከውጭ ይታያል፤ ሸለፈቱ ከላይ በኩል እንደ ቆብ በዝቶ ከታች ይጎድላል። ሸለፈቱ ሙሉ ሆኖ ቀዳዳው ብቻ የተዛባበት ዓይነትም አለ፤ ይህ የሚታየው በቀዶ ጥገናው መሐል ሸለፈቱ ሲላቀቅ ነው። ስለዚህ ጥሩ ሐኪም ሸለፈቱን አላቆ ቀዳዳውን በዓይኑ ሳያይ ወደ መቁረጥ አይሄድም፤ የተዛባ ካገኘም እዚያው አቁሞ ወደ ሕፃናት ዩሮሎጂ (የሽንትና የብልት) ሐኪም ይልካል። ብልቱ ሲቆም ወደ ታች ወይም ወደ ጎን የሚታጠፍ ከሆነም እንዲሁ ነው፤ ይህን እርስዎ በቤት አይተው ሊነግሩት ይችላሉ።

ሁለተኛው ለልጅዎ ዕድሜ በጣም ተገቢ ነው፦ የተቀበረ ብልት። ወፈር ያለ የ16 ወር ልጅ ከብልቱ በላይ የስብ ትራስ ይኖረዋል፤ ብልቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ በስቡ ውስጥ ሰምጦ ያጠረ ይመስላል። ሐኪሙ በሁለት ጣት ስቡን ወደ አጥንቱ ጫን አድርጎ ሲገፋ ብልቱ ብቅ ይላል፣ ሲለቀው ይሰምጣል። እንዲህ ያለ ልጅ በተለመደው ልክ ሸለፈቱ ከተቆረጠ፣ የተሰፋው የቆዳ ክብ ከሰመጠው ብልት ፊት ለፊት ይገጥምና እየዳነ ሲሄድ ይጠብባል፤ ብልቱ በጠባሳ ተዘግቶ ውስጥ ይቀራል። የቆለጥ ከረጢቱ ቆዳ ወደ ብልቱ የታችኛው ገጽ ወጥቶ የተያያዘበት ልጅም ለዚሁ አደጋ የተጋለጠ ነው። ለእነዚህ ልጆች ተራ ግርዛት አይሠራም፤ ወይ ስቡ እስኪቀንስ መጠበቅ፣ ወይ ሌላ ዓይነት የጥገና ቀዶ ጥገና ነው።

ሦስተኛው የደም መፍሰስ ታሪክ። ሂሞፊሊያ (ደም በቀላሉ የማይረጋበት በሽታ) በእናት በኩል የሚተላለፍ በመሆኑ የእናትየው ወንድሞች፣ የእናትየው አባት፣ የእህቷ ወንዶች ልጆች ሲቆረጡ ወይም ጥርስ ሲነቀሉ ደም አልቆም ብሏቸው ያውቅ እንደሆነ ይጠየቃል። ልጁ ራሱ የክትባት መርፌው ቦታ አብጦ ጠቁሮ ያውቅ ይሆን? ከንፈሩን ሲመታ ደሙ ለሰዓታት ቀጥሎ ያውቅ ይሆን? መዳህና መራመድ ሲጀምር ያለ ምክንያት የሚጠቁር ሰፊ ቦታ ነበረው? አንዱ እንኳ «አዎ» ከሆነ ፕሌትሌትና የደም መርጋት ምርመራ (ፒ.ቲ. እና ኤ.ፒ.ቲ.ቲ.) ይቀድማል። ታሪኩ ንጹህ ከሆነ ግን እነዚህን ምርመራዎች ለሁሉም ልጅ ማዘዝ አስፈላጊ አይደለም።

የቀረው አጭር ነው፦ ክትባቱ የተሟላ መሆኑ (የቴታነሱ በተለይ)፣ ትኩሳት፣ ሳል፣ በዳይፐር የመጣ ሽፍታ ወይም ቁስል አለመኖሩ። ሙሉ ማደንዘዣ የሚወስድ ልጅ ጉንፋን ከያዘው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይተላለፋል። ሲወለድ ክብደቱ ያነሰ መሆኑ አሁን 11 ኪሎ ለደረሰ ጤነኛ ልጅ እንቅፋት አይሆንም፤ ያለጊዜው የተወለደ ከነበረ፣ በኦክስጅን ቆይቶ ከነበረ ወይም የልብ ችግር ተነግሯችሁ ከነበረ ግን ለማደንዘዣ ባለሙያው መንገር አለባችሁ።

ስለ ማደንዘዣው። አራስ ልጅ ታስሮና በጨርቅ ተጠቅልሎ በአካባቢ ማደንዘዣ ብቻ ሊገረዝ ይችላል። የ16 ወር ልጅ ግን ጠንካራ ነው፤ መርፌው ባያመው እንኳ መያዙ ያስፈራዋል፣ ይታገላል፣ የሚታገል ልጅ ላይ ደግሞ ሚሊ ሜትር የሚጠይቅ ሥራ አይሠራም። ስለዚህ በዚህ ዕድሜ ቀለበትም ይሁን ስፌት፣ ሙሉ ማደንዘዣና የብልት ነርቭ ማደንዘዣ ተጣምረው ቢሰጡት ይሻላል እላለሁ። የነርቩ መርፌ የሚሰጠው በብልቱ ሥር ነው፤ የሰዓት ገጽ ቢታሰብ 10 እና 2 ላይ፣ መርፌው ደም ስር ውስጥ አለመሆኑ ወደ ኋላ ስቦ ከተረጋገጠ በኋላ። 0.25 በመቶ ቡፒቫኬይን በየጎኑ በኪሎ 0.1 ሚሊ ሊትር ቢሰጥ ለልጅዎ በየጎኑ 1.1 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው፤ ይህም ልጁ ከነቃ በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ሕመሙን ይዞለት ይቆያል።

በአካባቢ ማደንዘዣ ብቻ ይሠራ ከተባለ ግን ሒሳቡን እርስዎም ይወቁት። ሊዶኬይን በኪሎ ከ3 ሚሊ ግራም ባይበልጥ መልካም ነው። 11 ኪሎ ሲሆን 33 ሚሊ ግራም፤ ባለ 1 በመቶው መድኃኒት በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ስላለው 3.3 ሚሊ ሊትር ነው። ባለ 2 በመቶው ከሆነ ግን ግማሹ፣ 1.6 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ። ስህተቱ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው፤ ጠርሙሶቹ ይመሳሰላሉ፣ ባለ 2 በመቶው በባለ 1 በመቶው ልክ ሲቀዳ መጠኑ እጥፍ ይሆናል። ከመጠን ያለፈ ሊዶኬይን ልጅን ያንቀጠቅጣል፣ ልብንም ይጎዳል። ሌላው፣ አድሬናሊን የተቀላቀለበት ማደንዘዣ ለብልት አይሰጥም፤ ደም ስሮቹን አጥብቦ ጫፉን ደም ሊያሳጣው ይችላል። መርፌው ከተሰጠ በኋላም ቢያንስ 5 ደቂቃ ተጠብቆ ቆዳው በመቆንጠጫ ተፈትኖ ነው የሚጀመረው። ሳይጠብቁ የሚጀምሩ ሰዎች አሉ፤ ልጁ ሲጮህ «ፈርቶ ነው» ይላሉ፣ ብዙ ጊዜ ግን አሞት ነው።

ሙሉ ማደንዘዣ አእምሮውን ይጎዳው ይሆን ብለው ከሠጉ፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2016 ማስጠንቀቂያ ያወጣው ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ከ3 ሰዓት ለሚበልጥ ወይም ለተደጋገመ ማደንዘዣ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ለአጭር ሰዓት የሚሰጠው በዚህ ውስጥ አይገባም። ትልቁ ጉዳይ ትንንሽ ልጆችን ማደንዘዝ የለመደ ባለሙያና የልጅ መጠን ያላቸው መሣሪያዎች መኖራቸው ነው። ባዶ ሆድ የሚቆይበት ሰዓትም ይከበር፦ ለምግብና ለጣሳ ወይም ለላም ወተት 6 ሰዓት፣ ለጡት ወተት 4 ሰዓት፣ ለውሃ 2 ሰዓት። «ትንሽ ነገር ቀምሷል» ብሎ መደበቅ አይገባም፤ በማደንዘዣ ውስጥ ያለ ልጅ ቢያስመልሰው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

ወደ ቀለበቱ እንምጣ። ፕላስቲቤል የሚባለው መሣሪያ እንደ ትንሽ ደወል ያለ ፕላስቲክ ነው። ሸለፈቱ ከላይ በኩል ተሰንጥቆ ከብልቱ ራስ ላይ ይላቀቃል፣ ደወሉ በብልቱ ራስና በሸለፈቱ መካከል ይገባል፣ ከዚያ በደወሉ ጎድጓዳ መሥመር ላይ ሸለፈቱ በክር ጠብቆ ይታሰራል። ከክሩ ወዲያ ያለው ቆዳ ተቆርጦ መያዣው ይሰበራል፤ ቀለበቱ ይቀራል። ደም ያጣው ጠርዝ ሞቶ ሲለቅ ቀለበቱ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይወድቃል። ስፌት የለውም፣ ደሙም ትንሽ ነው፣ ለአራስና ለጥቂት ወራት ሕፃን ጥሩ ዘዴ ነው።

የሚበላሸው በልኩ ነው። ቀለበቱ ካነሰ የብልቱ ራስ በቀዳዳው ውስጥ አብጦ ይታነቃል። ከሰፋ ወደ ላይ ተንሸራትቶ በብልቱ አንገት ላይ ይቀመጥና ቆዳውን እየበላ ይሄዳል። ክሩ ከላላ ይደማል፤ ወይም ቆዳው በከፊል ሳይሞት ቀርቶ ቀለበቱ ተንጠልጥሎ ይቆያል። በ16 ወር ልጅ ላይ እነዚህ ሁሉ ይበዛሉ፦ ቆዳው ወፍሯል፣ ልጁ በእጁ ይጎትተዋል፣ ይራመዳል፣ ይቀመጥበታል። ለዚህ ነው ለልጅዎ ቀለበትን የመጀመሪያ ምርጫዬ የማላደርገው። ቀለበት ከተደረገለት ግን ቀለበቱ ከቦታው ወደ ሆዱ አቅጣጫ ሲሸሽ ካዩ፣ የብልቱ ራስ ካበጠና ከጠቆረ፣ መሽናት ካቃተው፣ ወይም 10 ቀን አልፎ ካልወደቀ ሳይጎትቱ ወደ ሐኪሙ ይሂዱ፤ ቀለበቱ ተቆርጦ ይወጣል። በብረት መቆንጠጫ የሚሠራባቸው እንደ ጎምኮና ሞገን ያሉ መሣሪያዎችም አሉ፤ ለአራስ የተዘጋጁ ስለሆኑ እዚህ አልገባባቸውም። አንድ ነገር ብቻ፦ ሞገን የብልቱን ራስ ሳያሳይ የሚቆርጥ መሣሪያ ነው። የብልት ራስ አብሮ የተቆረጠባቸው አጋጣሚዎች ከእሱ ጋር ተያይዘው ይነሳሉ።

ስፌት ያለበት ቀዶ ጥገና እንዲህ ይሄዳል። ልጁ ከተኛ በኋላ አካባቢው በአዮዲን ይጸዳል፤ ማንም ቆዳውን ሳይስብ፣ ብልቱ በተፈጥሮ ቦታው ተዘርግቶ ሳለ የብልቱ ራስ ክፈፍ ከቆዳው ስር የሚታይበት ቦታ ላይ ዙሪያውን በብዕር ይሰመራል። ስቦ ማስመር የሚያመጣውን ላስረዳ። የውጭው ቆዳ በጣም የሚንሸራተት ነው፤ ሸለፈቱን በመቆንጠጫ ወደ ፊት ሲስቡት የብልቱ አካል ቆዳ አብሮ ይመጣል። ተስቦ ሳለ «ሸለፈቱ ይኸው» ተብሎ ከተቆረጠ፣ ሲለቀቅ ቆዳው ወደ ሆድ ይሸሽና ከብልቱ ላይ ባዶ ሥጋ ይቀራል። ይህ ልጅ ከፍ ሲል ብልቱ ሲቆም ቆዳው ያጥረዋል፣ የቆለጡ ቆዳ ወደ ላይ ይጎተታል። ብዕሩ 1 ደቂቃ አይፈጅም፤ ልዩነቱ ግን ለዕድሜ ልክ ነው።

ከዚያ ሸለፈቱ በዶልዱም መሣሪያ ዙሪያውን ከብልቱ ራስ ይላቀቃል፣ ስር የተጠራቀመው ነጭ ነገር ይጸዳል፣ የሽንት ቀዳዳው ይታያል። ቀጥሎ ሁለት መንገድ አለ። በአንዱ፣ ከላይ በኩል፣ በሰዓት ገጹ 12 ላይ፣ ሸለፈቱ በመቆንጠጫ ለጥቂት ጊዜ ተጨፍልቆ በመቀስ እስከ ምልክቱ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ዙሪያውን ይቆረጣል። በሌላው፣ አንድ ክብ መሥመር በውጭው ቆዳ፣ ሌላ ክብ መሥመር በውስጠኛው ሽፋን ላይ ተቆርጦ በመካከል ያለው ቆዳ እንደ እጅጌ ይወጣል። ሁለተኛው ንጹህ ጠርዝ ይሰጣል፣ ግን የተካነ እጅ ይፈልጋል። በሁለቱም ከብልቱ ራስ ክፈፍ ስር ከውስጠኛው ሽፋን ወደ 5 ሚሊ ሜትር ይተዋል። ከዚያ ካነሰ ስፌት መያዣ ያጣል፤ በጣም ከበዛ ደግሞ አብጦ ለሳምንታት ይቆያል፣ «አልተገረዘም እንዴ?» የሚያስብል ትርፍም ይቀራል። ሸለፈቱን ወደ ፊት ስቦ፣ የብልቱን ራስ ሳያይ በመቆንጠጫ ላይ የሚቆርጥ ዘዴም አለ፤ በትንንሽ ልጆች ላይ የብልቱ ራስ ጫፍ በመቆንጠጫው ውስጥ ሊገባ ስለሚችል አልመክረውም።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው ደም ማቆሙ ነው። ሸለፈቱን ከብልቱ ራስ ጋር ከታች በኩል የሚያያይዘው ቀጭን ቆዳ (ፍሬኑለም) ውስጥ ትንሽ የደም ወሳጅ ቧንቧ አለች፤ ከግርዛት በኋላ ማታ ላይ ደም ይዘው የሚመጡ ልጆች ብዙዎቹ የሚደሙት ከዚህች ነው። ለጊዜው ተኮማትራ ደሟ የቆመ ይመስላል፤ ልጁ ነቅቶ ሲያለቅስ ትከፈታለች። ስለዚህ ሳትታሰር መተው የለባትም። ችግሩ ከእሷ ስር ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ርቆ የሽንት ቧንቧው መኖሩ ነው። ደም ሲያይ የተደናገጠ እጅ መርፌውን ጠለቅ አድርጎ ከሰፋ ወይም ከተኮሰ የሽንት ቧንቧው ግድግዳ ይሞታል፤ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ሽንት ከታች በኩል በሁለተኛ ቀዳዳ መንጠባጠብ ይጀምራል። እሱን መጠገን ከግርዛቱ ብዙ እጥፍ የከበደ ቀዶ ጥገና ነው። ትክክለኛው አሠራር በጎዝ ለጥቂት ደቂቃ ጫን ማለት፣ የምትደማዋን ነጥብ ለይቶ ማየት፣ ከዚያ በቀጭን ክር ከላይ ከላይ መቋጠር ነው።

ደም በኤሌክትሪክ ተኩሶ ማቆምም ይቻላል፤ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ግን መጠየቅ መብትዎ ነው። ባይፖላር የሚባለው ኤሌክትሪኩ በመቆንጠጫው ሁለት ጫፎች መካከል ብቻ የሚያልፍበት ስለሆነ ለዚህ ሥራ ተገቢ ነው። ሞኖፖላር የሚባለው ግን ኤሌክትሪኩን ከጫፉ አንስቶ ጭን ላይ እስከተለጠፈው ሰሌዳ በልጁ አካል ውስጥ ያሳልፋል፤ መውጫው ቀጭኑ የብልት ግንድ ብቻ በመሆኑ ሙቀቱ እዚያ ይከማቻል። የብልቱን ደም ስሮች በሙሉ አርግቶ ብልቱን ሊያሳጣ ይችላል። በብረት መቆንጠጫ ላይ ከተነካማ ጉዳቱ የከፋ ነው። ይህ በዓለም ላይ የደረሰ ጉዳት ነው፤ ሙሉ በሙሉ መከላከልም ይቻላል።

ስፌቱ በሚሟሟ ክር ነው፤ ለዚህ ዕድሜ 5-0 ወይም 6-0 (የክሩ ቅጥነት ቁጥር ነው)። መጀመሪያ በሰዓት ገጹ 6 ላይ ፍሬኑለሙ ከብልቱ መካከለኛ መሥመር ጋር ይገጠማል፣ ቀጥሎ 12፣ ከዚያ 3 እና 9፣ በየመካከሉ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት። መጀመሪያ አራቱ ማዕዘኖች ካልተያዙ ቆዳው ዞሮ ይሰፋል፣ ብልቱም የተጠመዘዘ ይመስላል። በላዩ የቫዝሊን ጎዝና ስስ ፋሻ ይደረጋል። ፋሻው ጠብቆ ከታሰረ ሽንት ይዘጋል፣ የብልቱን ራስም ደም ያሳጣል፤ ጫፉ እንዲታይና ቀዳዳው ክፍት እንዲሆን ይጠይቁ።

ቤት ከገባችሁ በኋላ የመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት የደም ናቸው። የ11 ኪሎ ልጅ በመላ አካሉ ያለው ደም 850 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ከዚህ 85 ሚሊ ሊትር ማጣት አንድ አሥረኛ መሆኑ ነው። ዘመናዊ ዳይፐር ይህንን ያህል ፈሳሽ ውጦ ከላይ ደረቅ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ከዳይፐሩ ስር ነጭ ጎዝ አድርጉና በየሰዓቱ ግለጡ። በጎዙ ላይ ሳንቲም የሚያህል ነጠብጣብ ችግር የለውም። እየሰፋ ከሄደ ወይም ከተንጠባጠበ በንጹህ ጎዝ ዙሪያውን ይዛችሁ 10 ደቂቃ ሙሉ ጫን በሉ፤ በየደቂቃው እያነሱ ማየት የረጋውን ደም ይነቅለዋል። ካልቆመ ተጭናችሁ እንደያዛችሁ ሐኪም ቤት።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ነው፤ ለልጅዎ 165 ሚሊ ግራም። በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ያለው ሽሮፕ ከሆነ ወደ 7 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። የጠርሙሱን ጽሑፍ ሳያነቡ አይቅዱ፤ ጥንካሬያቸው ይለያያል። የመጀመሪያው ዶዝ ማደንዘዣው ሳይለቅ ቢሰጥ ይመረጣል። ሐኪሙ ከፈቀደ አይቡፕሮፌን በኪሎ 10 ሚሊ ግራም በየ8 ሰዓቱ ሊጨመር ይችላል። አስፒሪን አይሰጥም። አንቲባዮቲክ ለንጹህ ግርዛት በመደበኛነት አያስፈልግም።

ፋሻው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ይወጣል፤ ከተጣበቀ ለብ ባለ ውሃ አርሶ ነው እንጂ መንጨት የለም። ከዚያ በኋላ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በንጹህ ለብ ያለ ውሃ ማጠብ፣ ዳይፐር በተቀየረ ቁጥር ቫዝሊን በዛ አድርጎ መቀባት በቂ ነው። ዱቄት፣ ቅጠል፣ አልኮልና የመሳሰለው አይነካው። በ3ኛው ቀን አካባቢ በብልቱ ራስ ላይ ቢጫ ስስ ሽፋን ይታያል፤ ወላጅ ሁሉ የሚደነግጠው በዚህ ነው። መግል አይደለም፣ የሚድን ቁስል የሚሠራው ነው፣ አይፋቅ። ከስፌቱ በታች፣ በተለይ በፍሬኑለሙ በኩል፣ እብጠት እስከ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል። የሚያሳስበው ቅላቱ ወደ ሆድና ወደ ቆለጥ ሲስፋፋ፣ ወፍራምና የሚሸት ፈሳሽ ሲወጣ፣ ትኩሳቱ ከ38 ዲግሪ ሲያልፍ፣ 8 ሰዓት ሳይሸና ሲቆይ፣ ወይም የብልቱ ራስ ሲጠቁር ነው። እነዚህ እስከ ቀጠሮ አይጠበቅባቸውም።

ቀጠሮው በ2ኛው ቀን፣ በሳምንቱና በ6ኛው ሳምንት ቢሆን ጥሩ ነው። ከሳምንቱ በኋላ የተረፈው ቆዳ ወደ ብልቱ ራስ ተመልሶ እንዳይጣበቅ ሲያጥቡት ቀስ ብለው ወደ ሆዱ ሳብ አድርገው የክፈፉ ጉድጓድ ሲታይ ቫዝሊን ይቀቡ። ትኩሱ ቁስል ከብልቱ ራስ ጋር ከተጣበቀ የቆዳ ድልድይ ይሠራል፤ ያ በሐኪም መቆረጥ ይኖርበታል።

በመጨረሻ፣ ሁለቱን ሐኪሞች ሲያነጋግሩ ለሁለቱም ተመሳሳይ ጥያቄ ያቅርቡ፦ ማደንዘዣውን የሚሰጠው ማን ነው? በምን ዓይነት ኩቴሪ (የኤሌክትሪክ መተኮሻ) ነው ደም የሚያቆሙት? ሌሊት ቢደማ የት ነው የምንመጣው? ቀለበት የሚሉት ሐኪም ለ16 ወር ልጅ የሚሆኑ ሙሉ መጠኖች ከሌሏቸው፣ ስፌት የሚሉትም የልጆች ማደንዘዣ ባለሙያ ከሌላቸው፣ ሁለቱንም ትተው ይጠብቁ። ሁለቱም ተሟልተው ካሉ እኔ ለልጅዎ ስፌቱን እመርጣለሁ።

ከተገረዘ በኋላም ለዓመታት ማየት ያለባችሁ አንድ ነገር አለ። ሽፋኑን ያጣው የሽንት ቀዳዳ በእርጥብ ዳይፐር እየተፋተገ በዝግታ ሊጠብብ ይችላል። ዳይፐር ትቶ ቆሞ መሽናት ሲጀምር የሽንቱን አወራረድ እዩት፤ እንደ መርፌ ቀጥኖ ሩቅ የሚወረወር፣ ወደ ላይ የሚነሳ፣ ወይም ለመጨረስ ረጅም ጊዜ የሚፈጅበት ከሆነ ለሐኪም አሳዩት። ከጠበበ በአጭር ቀዶ ጥገና ይከፈታል።